መንታ ላረገዘችው የመንዝ እህት፦ ቀድሞ የሚቆጠረው እንግዴ ልጁ ነው

ጥያቄ፦ «የ27 ዓመት ሴት ነኝ። የምኖረው በሰሜን ሸዋ፣ መንዝ ውስጥ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቀበሌ ነው። የመጀመሪያ ልጄን በጤና ጣቢያ በሰላም ተገላግያለሁ። አሁን የ18 ሳምንት ነፍሰ ጡር ነኝ። በ13ኛው ሳምንት በአልትራሳውንድ ስታይ መንታ መሆኑ ተነገረኝ፤ ወረቀቱ ላይ ‹አንድ እንግዴ ልጅ፣ ሁለት የሽርት ውሃ ከረጢት› ተብሎ ተጽፏል። በየሁለት ሳምንቱ እየመጣሽ ታዪ ብለውኛል። ጎረቤቴም መንታ አርግዛለች፤ እሷን ግን የቀጠሯት በየወሩ ነው። አማቴ በበኩላቸው መንታ በእነሱ ዘር የተለመደ እንደሆነ፣ ሁሉም እቤት በሰላም እንደተወለዱ ይናገራሉ። እኔን ለምን ያመላልሱኛል? ልጆቹስ ይመሳሰላሉ? የግድ በኦፕራሲዮን ነው የምወልደው?»

መልስ፦ እህቴ፣ የጥያቄሽን መልስ ግማሹን ራስሽ ጽፈሽዋል። ያንቺን ቀጠሮ ከጎረቤትሽ ቀጠሮ የለየችው «አንድ እንግዴ ልጅ» የምትለዋ መስመር ናት። ሰው መንታ ሲባል መጀመሪያ የሚጠይቀው ወንዶች ናቸው ወይስ ሴቶች፣ ይመሳሰላሉ ወይስ አይመሳሰሉም እያለ ነው። እኛ የማህፀንና ፅንስ ሐኪሞች ግን ቀድመን የምናየው ልጆቹ የሚመገቡበት እንግዴ ልጅ አንድ ነው ወይስ ሁለት የሚለውን ነው። የክትትሉ ብዛት፣ የመውለጃው ጊዜ፣ የሚያሰጋውም የማያሰጋውም ነገር በአብዛኛው ከዚያ ይነሣል። ያየሽ ባለሙያ በ13ኛው ሳምንት ይህን ለይቶ መጻፉ ትልቅ ውለታ ነው። ወረቀቱ እንዳይረጥብ በላስቲክ ሸፍነሽ ያዢው፤ ለሕክምና በሄድሽበት ሁሉ አይለይሽ።

ከ14ኛው ሳምንት በፊት ሁለቱን ልጆች የሚለየው ሽፋን ከእንግዴ ልጁ ጋር የሚገናኝበት ቦታ በአልትራሳውንድ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እንግዴ ልጆቹ ሁለት ከሆኑ ሽፋኑ ወፈር ያለ ነው፤ ከሥሩም የእንግዴ ልጁ ሥጋ ሾጠጥ ብሎ ወደ ሽፋኑ ይገባል። አንድ ብቻ ከሆነ ሽፋኑ ስስ ሆኖ እንግዴ ልጁ ላይ ቀጥ ብሎ ያርፋል። ወራት ካለፉ በኋላ ይህ ምልክት ይደበዝዛል፤ ሁለት እንግዴ ልጆች ተጠጋግተው አድገው አንድ መስለው የሚታዩበት ጊዜም አለ። በስድስተኛና በሰባተኛ ወሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትመጣ የመንታ እናት፣ ልጆቹ አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ሆነው ነገሩን ካላቀለሉልን በቀር፣ አፍ ሞልቶ መናገር ያስቸግራል። ፆታቸው የተለያየ መንታዎች ከሁለት እንቁላል የመጡ ስለሆኑ እንግዴ ልጃቸውም ሁለት ነው።

አሁን ወደ አማትሽ ነገር ልምጣ። መንታ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው እናትየው በአንድ ወር ሁለት እንቁላል ስታወጣና ሁለቱም ለየብቻ ሲፀነሱ ነው። ከሦስት መንታ ሁለቱ ገደማ እንዲህ የሚመጡ ናቸው። እነዚህ ልጆች በአንድ ጊዜ ከመረገዛቸው በስተቀር ከሌሎች ወንድማማቾችና እህትማማቾች አይለዩም። በዘር የሚወርደው፣ የእናትየው ዕድሜ 30ን ሲያልፍ የሚጨምረው፣ ደጋግመው በወለዱ ሴቶች ዘንድ የሚበዛው፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳ መድኃኒት በወሰዱ ሴቶች ላይ አዘውትሮ የሚታየው ይኸኛው ዓይነት ነው። ዘሩም የሚቆጠረው በሴቷ በኩል ነው፤ ሁለት እንቁላል የምታወጣው እሷ ናትና። የባልሽ አክስቶች መንታ መውለዳቸው ለባልሽ እህቶች ወይም ለሴት ልጁ ሊተርፍ ይችላል እንጂ አንቺን መንታ አያስረግዝሽም። ይህን ለአማትሽ ስትነግሪያቸው ግን በለሆሳስ ይሁን፤ ደስታቸውን የምንነጥቅበት ምክንያት የለም።

ሁለተኛው መንገድ አንዱ እንቁላል ከተፀነሰ ከጥቂት ቀናት በኋላ ለሁለት ሲከፈል ነው። ይህ በየትኛውም የዓለም ክፍል ከ1000 ወሊድ በ4ቱ ገደማ የሚያጋጥም ሲሆን ዘርም ሆነ ምግብ ወይም ዕድሜ ብዙም አይለውጠውም። የተከፈለው በመጀመሪያዎቹ 3 ቀናት ከሆነ እያንዳንዱ ፅንስ የራሱን እንግዴ ልጅ ያበጃል። ከ4ኛው እስከ 8ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከሆነ እንግዴ ልጁ አንድ፣ የሽርት ውሃው ከረጢት ግን ሁለት ይሆናል፤ ያንቺ ይህኛው ነው። ከዚያ ከዘገየ ሁለቱም በአንድ ከረጢት ውስጥ ያድጋሉ። ይህ ብርቅ ነው፤ እትብታቸው እርስ በርሱ ስለሚጠላለፍም እጅግ ያሰጋል። ከ13ኛው ቀን ወዲያ የተጀመረ ክፍፍል ደግሞ ሳይጠናቀቅ ይቀርና ልጆቹ ተጣብቀው ይወለዳሉ። በዚህ ሁሉ ውስጥ እናት የሠራችው ወይም ያልሠራችው ነገር የለም።

እንግዲህ «ይመሳሰላሉ ወይ?» ላልሽው መልሱ አዎ ነው። አንድ እንግዴ ልጅ የተጋሩ መንታዎች ከአንድ እንቁላል የተገኙ በመሆናቸው ሁለቱም ወንዶች ወይም ሁለቱም ሴቶች ይሆናሉ፤ መልካቸውም ይቀራረባል። የጎረቤትሽን ግን ከአሁኑ መናገር አይቻልም። ከአንድ እንቁላል ከሚመጡት መንታዎች አንድ ሦስተኛ ያህሉ በጊዜ ስለሚከፈሉ ሁለት እንግዴ ልጅ ይኖራቸዋል። የእሷ ልጆች ተመሳስለው ቢወለዱ አልትራሳውንዱ ተሳስቷል ማለት አይደለም።

በየሁለት ሳምንቱ የሚያመላልስሽ ምክንያት የሚከተለው ነው። አንድ እንግዴ ልጅ በሚጋሩ መንታዎች መካከል የሚገናኙ የደም ሥሮች አሉ፤ ይህ ከሞላ ጎደል በሁሉም ዘንድ ያለ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ወዲያና ወዲህ የሚሄደው ደም ይመጣጠናል። ከ100 እንዲህ ዓይነት እርግዝና በ10 እስከ 15ቱ ላይ ግን ሚዛኑ ይዛባል፤ ከአንድ ምንጭ በተጠለፉ ሁለት ቦዮች መካከል ግድቡ ተሸርሽሮ የአንዱ ውሃ ወደ ሌላው ማሳ እንደሚያደላ ማለት ነው። ሰጪው ፅንስ ደሙ ያንሰዋል፣ ሽንቱ ይቀንሳል፣ እድገቱ ይጎተታል። ተቀባዩ ደግሞ ከመጠን በላይ ደም ስለሚደርሰው ልቡ ይደክማል፣ ሽንት ያበዛል። የሽርት ውሃ በአብዛኛው የፅንሱ ሽንት ስለሆነ የአንዱ ከረጢት ሲደርቅ የሌላው ይሞላል። የሚያሰጋው ነገር ሳይታከም ከቀረ ሁለቱንም ልጆች ሊያሳጣ መቻሉ ነው።

ባለሙያው ዕቃውን ሆድሽ ላይ እያንሸራተተ የሚለካውን ብታውቂ አይከፋም። በየከረጢቱ ውስጥ ጥልቅ የሆነውን የውሃ ቦታ ይፈልግና በሴንቲ ሜትር ይለካል። በአንዱ ከ2 በታች፣ በሌላው ከ8 በላይ ሆኖ ከተገኘ ሁኔታው ተጀምሯል ማለት ነው። ቀጥሎ የትንሹን ልጅ የሽንት ፊኛ ያያል፤ ሞልቶ ይታያል ወይስ ባዶ ነው? ከዚያ የሁለቱን ጭንቅላት፣ ሆድና ጭን ለክቶ የክብደታቸውን ልዩነት ያሰላል። አንዱ ያለ ውሃ መዛባትም እየቀነሰ ሊሄድ ይችላልና። ምንም ሳይናገር ረዘም ላለ ጊዜ ቢያይሽ አትደንግጪ፤ መለኪያው ለሁለት ልጅ ስለሆነ ጊዜ ይወስዳል። ሲጨርስ «የሁለቱም ውሃ ስንት ስንት ሆነ? የትንሹ ፊኛ ይታያል?» ብለሽ ጠይቂ፤ ቁጥሩንም ወረቀትሽ ላይ ያስፍርልሽ።

ይህ መዛባት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከ16ኛው እስከ 26ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፤ አንዴ ከጀመረ በቀናት ውስጥ ሊባባስ ይችላል። ክትትሉ በ16ኛው ሳምንት ተጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ የሚደረገው ለዚህ ነው። የጎረቤትሽ ልጆች የየራሳቸው እንግዴ ልጅ ስላላቸው ይህ አያሰጋቸውም፤ በየአራት ሳምንቱ እድገታቸውን ማየት ይበቃል። ሕክምናው በተሟላባቸው አገሮች በቀጭን መሣሪያ ወደ ማህፀን ተገብቶ የሚያገናኙት የደም ሥሮች በሌዘር ይዘጋሉ። ይህ እኛ ዘንድ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እኛ ጋ በአብዛኛው የሚደረገው የበዛውን ውሃ በመርፌ መቀነስ፣ እናትየዋን አስተኝቶ መከታተልና ጊዜው ሲፈቅድ ቀድሞ ማዋለድ ነው። ለእነዚህ ሁሉ ደግሞ በጊዜ መደረሱ ወሳኝ ነው።

መንገዱ ረጅም፣ የትራንስፖርቱም ወጪ ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር ላስቸግርሽ፦ መሐል ሜዳ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ይህን መለካት የሚችል ባለሙያ እንዳለ ጠይቂ። ካለ ክትትሉን እዚያ አድርጊ፤ ደብረ ብርሃን የምትሄጂው ልዩነት ሲታይ ወይም ሐኪሙ ሲልክሽ ይሁን። ቀጠሮውንም ገበያ ለመውጣት በሚመችሽ ቀን አስደርጊው። የማልደራደርበት እስከ 26ኛው ሳምንት ባሉት ቀጠሮዎች ላይ ነው። በሁለት ቀጠሮ መካከል ሆድሽ በጥቂት ቀናት ውስጥ ድንገት ተወጥሮ ካደገ፣ ተጋድመሽ መተንፈስ ካስቸገረሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ።

ስለ ደም ማነስ ትንሽ ልቆይ፤ ደጋ ለምትኖር እናት የተለየ ነገር አለው። ለነፍሰ ጡር ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ዝቅተኛው የሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ አየር የሚሸከመው ንጥረ ነገር) መጠን በዴሲ ሊትር 11 ግራም ነው። ይህ ግን የተቀመጠው በዝቅተኛ ቦታ ለሚኖር ሰው ነው። አየሩ ሲሳሳ ሰውነት ተጨማሪ ደም ስለሚሠራ፣ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በመሐል ሜዳ አካባቢ ለምትኖር ሴት ወለሉ በ2 ግራም ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ከፍ ማለት አለበት። ውጤትሽ 11 ተኩል ሆኖ «ደህና ነሽ» ብትባዪ፣ የምትኖሪበትን ከፍታ አስታውሺያቸው። ሁለት ፅንስ የሚወስደው ብረት የአንዱን ያህል አይደለም፤ በወሊድ ጊዜም ከሌላው እናት ይልቅ የመድማት ዕድልሽ ሰፊ ስለሆነ ደም ጎድሎሽ ምጥ መግባት የለብሽም። የሚሰጥሽን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በየቀኑ ውሰጂ። ከቡናና ከሻይ ጋር ግን አታገናኚው፤ ቢያንስ የአንድ ሰዓት ልዩነት ይኑረው። ሰገራሽ ቢጠቁር ከክኒኑ ነው፣ አያስፈራም።

ምግብን በተመለከተ ሁለት ምክር ሳይመጣልሽ አይቀርም፦ «ልጁ ገዝፎ እንዳያስቸግርሽ ቀነስ አድርጊ» እና «ወተትና ገንፎ ልጁ ላይ ይለጠፋል»። ሁለቱም ልክ አይደሉም። ሲወለድ ቆዳው ላይ የሚታየው ነጭ ቅባት ፅንሱ ራሱ የሚያመነጨው መከላከያ ነው፤ ከወተት ጋር ግንኙነት የለውም። የመንታ ችግር መግዘፍ ሳይሆን መቀጨጭ ነው። ደጋ ላይ የሚወለዱ ልጆች እንኳን ብቻቸውን ተረግዘው በክብደት ዝቅ የማለት ዝንባሌ አላቸው። በጤናማ ክብደት እርግዝናዋን የጀመረች የመንታ እናት በጠቅላላው ከ17 እስከ 25 ኪሎ ግራም ብትጨምር ተገቢ ነው። ሆድሽ ስለሚጣበብ በአንድ ጊዜ ብዙ መብላት ያቅትሻል፤ በቀን አምስት ስድስት ጊዜ ከፋፍለሽ ብዪ። ባቄላውና ምስሩ፣ ጎመኑ፣ እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ ሲገኝም የመንዝ በግ ሥጋ ከበቂ በላይ ነው። ጾሙን ከንስሐ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፤ መንታ መሆኑን ንገሪያቸው፣ ለነፍሰ ጡር የሚፈቅዱ አባቶች ብዙ ናቸው።

የደም ግፊት በመንታ እርግዝና ከአንድ ፅንስ እርግዝና ሁለትና ሦስት ጊዜ እጥፍ ይበዛል። ስለዚህ በሄድሽ ቁጥር ግፊትሽ ይለካ፣ ሽንትሽም ይታይ። ዝቅተኛ መጠን ያለው አስፕሪን ለሚያሰጋቸው እናቶች ይታዘዛል፤ ላንቺ ያስፈልግ እንደሆነ ሐኪምሽን በሚቀጥለው ቀጠሮ ጠይቂ እንጂ ከፋርማሲ ገዝተሽ አትጀምሪ። የማያቋርጥ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ ከደረት በታች የሚይዝ ሕመም፣ የፊትና የእጅ እብጠት ከመጣ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና ሂጂ። ደም ከታየ፣ ውሃ ከፈሰሰ፣ ቁርጠቱ እየመጣ እየሄደ ከተደጋገመ፣ ወይም ቀድሞ ይሰማሽ የነበረው እንቅስቃሴ ከቀነሰ ደግሞ ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ደውለሽ አምቡላንስ አስጠሪ። የሁለቱን ስልክ፣ የእሷንና የአምቡላንሱን፣ ባልሽም አማትሽም ዘንድ አስቀምጪ። ሆድ የሚያሹ የልምድ አዋላጆች ዘንድ ግን አትሂጂ፤ የታሸ ሆድ እንግዴ ልጁ ያለጊዜው እንዲላቀቅ ሊያደርግ ይችላል።

ከመንታ እርግዝናዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከ37ኛው ሳምንት በፊት ይወለዳሉ። (ሦስት ከሆኑ ደግሞ አማካዩ ወደ 32ኛው ሳምንት ይወርዳል፤ ሦስት ያረገዘች እናት ከመጀመሪያው ስፔሻሊስት ዘንድ መሆን አለባት።) ተኝቶ መክረም ወይም የማህፀንን በር መስፋት ለሁሉም የመንታ እናት ተብሎ ቢደረግ ምጡን እንደማያስቀር ታይቷል፤ ስለዚህ አልጋ ላይ ዋዪ አልልሽም፤ ከባድ ሸክም ግን ለሌላ ሰው ተዪው። የሚጠቅመው ምጡ ቀድሞ ሲመጣ ትክክለኛው ቦታ ላይ መገኘት ነው። ከ34ኛው ሳምንት በፊት ልትወልድ የደረሰች እናት ሆስፒታል ከደረሰች የልጆቹን ሳንባ የሚያጠነክር መርፌ ይሰጣታል፤ መርፌው ግን በደንብ እንዲሠራ ሰዓታት ይፈልጋል። «የሰባት ወር ልጅ ይተርፋል፣ የስምንት ወር አይተርፍም» የሚባለውን ሰምተሽ ከሆነ እርሺው። ማህፀን ውስጥ በደህና የቆየ እያንዳንዱ ሳምንት ለልጅ ጥቅም ነው።

ባንቺ ዓይነት እርግዝና ግን እስከ 40ኛው ሳምንት አንጠብቅም። የደም ሥሮቹ ግንኙነት መጨረሻም ላይ አደጋ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ሁሉም ነገር ደህና ቢሆን እንኳ በ36ኛውና በ37ኛው ሳምንት መካከል እንድትወልጂ ይደረጋል። የጎረቤትሽ ወደ 37ኛውና 38ኛው ሳምንት ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ከ34ኛው ሳምንት ጀምሮ በእናቶች ማቆያ ብትገቢ ይሻልሻል። ሆኖም ማቆያው ኦፕራሲዮን ከሚሠራ ሆስፒታል አጠገብ መሆኑን አረጋግጪ፤ ጤና ጣቢያ ውስጥ ያለው ለአንድ ልጅ ጥሩ ነው፣ ላንቺ ግን አይበቃም። ደብረ ብርሃን ዘመድ ካለሽም ያው ነው። ጊዜው ክረምት ላይ ከዋለ ደግሞ መንገዱ ሳይበላሽ ቀደም ብለሽ ውጪ።

የግድ ኦፕራሲዮን ነው ወይ ላልሽው፣ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 ይፋ የሆነ፣ በ25 አገሮች 2800 ያህል የመንታ እናቶችን ያካተተ ጥናት፣ ቀዳሚው ልጅ በጭንቅላቱ እስከመጣ ድረስ ታቅዶ የሚደረግ ኦፕራሲዮን በምጥ ለመውለድ ከማቀድ ለልጆቹ የተሻለ ውጤት እንዳላመጣ አሳይቷል። አንቺ ደግሞ አንድ ጊዜ በሰላም ወልደሻል፤ ይህ ትልቅ ብልጫ ነው። ቀዳሚው በመቀመጫው ወይም በአግድም ከመጣ፣ ወይም የልጆቹ ሁኔታ ካሳሰበ ግን ኦፕራሲዮኑ ይመረጣል።

«እቤት ተወልደዋል» የሚለው ላይ አማትሽን የማልሰማቸው ለሁለተኛው ልጅ ስል ነው። ሆስፒታል ውስጥ የመጀመሪያው እንደወጣ እትብቱ ቶሎ በሁለት ቦታ ታስሮ ይቆረጣል፤ እንግዴ ልጁ አንድ ስለሆነ ያልታሰረ ጫፍ የሁለተኛውንም ደም ሊያፈስ ይችላል። አንዷ አዋላጅ ሁለት እጇን ሆድሽ ላይ አድርጋ ሁለተኛው ወደ ጎን እንዳይጋደም ቀጥ አድርጋ ትይዘዋለች። ሌላዋ የልብ ምቱን ታዳምጣለች። ሐኪሙ አቀማመጡን አይቶ ከተጋደመ ከውጭ ያዞረዋል፣ አለዚያም እግሩን ይዞ ያወጣዋል። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚወጋው መርፌ በአንድ ልጅ ጊዜ ወዲያው ይሰጣል፤ በመንታ ግን ሁለተኛው ሳይወጣ ከተሰጠ ማህፀኑ ተኮማትሮ ልጁን ያፍነዋል። ብዙውን ጊዜ ሁለተኛው በ30 ደቂቃ ውስጥ ይወለዳል። ከዚያ በኋላ የተለጠጠው ማህፀን ደክሞ ሳይኮማተር ሊቀርና ደም ሊፈስስ ስለሚችል መድኃኒቱም ደሙም በእጅ መኖር አለበት። በቤት ውስጥ በደህና የተወለዱት የእሳቸው ዘመዶች እድለኞች ነበሩ፤ ስማቸው የማይነሣውን ግን ማንም አይቆጥራቸውም።

ልጆቹ ትንንሽ ሆነው ከተወለዱ ባዶ ደረትሽ ላይ ቆዳ ለቆዳ አድርገሽ ያዣቸው፤ እንዲህ መያዝ ሙቀት ይሰጣቸዋል፣ ትንፋሻቸውንም ያረጋጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ከክብደት በታች ለተወለዱ ልጆች በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። ሁለት ሆነው አንዲት እናት ይህን ያህል ሰዓት አትችልም፤ ባልሽም አማትሽም አንዱን ሊይዙ ይችላሉ። በመንዝ ብርድ ደግሞ ከብርድ ልብስ ክምር ይልቅ የሰው ገላ ይሻላል።

«ወተቴ ለሁለት ይበቃል ወይ?» ብለሽ መጨነቅሽ አይቀርም። ጡት የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው፤ ሁለቱ ሲጠቡ ለሁለት ያመርታል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንዱን በቀኝ፣ ሌላውን በግራ ብብትሽ ሥር አድርገሽ እግራቸውን ወደ ኋላሽ ብትልኪ በአንድ ጊዜ ማጥባት ትችያለሽ፤ ጡቱንም አቀያይሪላቸው፣ ጠንክሮ የሚጠባው አንዱን ወገን ብቻ እንዳይዝ። በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ቢሆን፣ የተኛውን ቀስቅሰሽ አጥቢ፤ ትንሽ ልጅ ርቦት ሳያለቅስ ሊደክም ይችላል። የአንዱ ክብደት እየጨመረ የሌላው ከቆመ፣ «ይሄኛው ከመጀመሪያውም ደቃቃ ነው» ብለሽ አትተዪው፤ ለየብቻ አስመዝኚያቸው፣ ካርዳቸውም ለየብቻ ይሁን።